ጠገራ ብር አይታጠብም፦ የአሮጌ ሳንቲም ወዝና ይዞታ ዋጋውን እንዴት እንደሚወስን

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር። ደብረ ማርቆስ የሚኖሩ የእናቴ አክስት አሉ። መንኩሰዋል፤ እማሆይ ነው የምንላቸው። አንድ ዓመት ለፋሲካ ልጠይቃቸው ሄጄ ከሙዳያቸው ሦስት ጠገራ ብር አወጡ። ጥቁር ናቸው፤ እንደ ምጣድ ቂጥ ጥቁር። «ውሰድ ልጄ፣ አንዱ ያንተ ነው» አሉኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ማታውኑ በሎሚና በአመድ ፈትጌ ፈትጌ መስታወት አስመሰልሁት። ጠዋት ሳሳያቸው «እሰይ፣ አማረበት!» ብለው መረቁኝ።

አዲስ አበባ ይዤው ሄድሁና ለአንድ ሳንቲም ሰብሳቢ አሳየሁት። ሰውየው በማጉያ መነጽሩ አንዴ አየና መልሶ መዳፌ ላይ አስቀመጠው። «ይሄ አሁን ብር ነው፤ ሳንቲም አይደለም» አለኝ። በግራም የሚመዘን ብር ማለቱ ነው። ያጠብሁት ቆሻሻ የመሰለኝ ነገር ዋጋው ኖሯል።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር ያላነበብሁት፣ ያልጠየቅሁት የለም። ጎጃም ውስጥ አሮጌ ብር ያለው ዘመድ የሌለው ሰው ጥቂት ነው። እናንተም ሎሚውን ከመቁረጣችሁ በፊት ይቺን አንብቡ።

1. የያዛችሁት ምን እንደሆነ ለዩ

ከአሮጌ ሙዳይ የሚወጣው፣ ወይም ቤት ሲፈርስ ከመሠረቱ የሚገኘው ሳንቲም አብዛኛውን ጊዜ ከሚከተሉት አንዱ ነው።

ጠገራ፣ ማለትም ማርትሬዛ። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ መልክ አለበት። ክብደቱ 28.07 ግራም ገደማ ነው፤ ወርዱ 40 ሚሊ ሜትር ገደማ። ከ1000 እጁ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው፤ ቀሪው መዳብ። ሲሰላ 23.4 ግራም ያህል ንጹሕ ብር አለው። ይህ የዋጋው ወለል ነው፤ ብሩ ራሱ አልቆ ወይም ተቆርጦ እስካልጎደለ ድረስ፣ የፈለገ ቢጎዳ ከዚያ በታች አይወርድም።

ላዩ ላይ 1780 ይላል። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ከ240 ዓመት በላይ ሆኖታል» እያለ ዋጋውን ይቆልላል። 1780 በፈረንጅ አቆጣጠር ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ የተመታው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ወጣ። ቪየናና ሚላኖ መቱት፤ በኋላ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ ቦምቤይም መቱት። ሮም መምታት የጀመረችው በ1935 እ.ኤ.አ. ነው፤ ጣሊያን ሊወረን ሲሰናዳ። ስለዚህ አንድ ጠገራ ባሶ ገበያ ላይ ከአባይ ማዶ ለመጣ ቡና የተከፈለ ሊሆን ይችላል። የጣሊያን ጦር በሣጥን ጭኖት የመጣም ሊሆን ይችላል። ላዩ ላይ ግን ሁለቱም 1780 ነው የሚሉት። ዕድሜው በጽሑፉ ስለማይታወቅ፣ ብዙውን ጊዜ ዋጋውን የሚለየው ይዞታው፣ ማለትም ምን ያህል ሳይጎዳ መቆየቱ ነው።

ሁለተኛው የዳግማዊ ምኒልክ ብር ነው። በ1887 ዓ.ም. ፓሪስ መመታት ጀመረ። ክብደቱ ሆን ተብሎ ከጠገራው ጋር የተቀራረበ ነው፤ የብሩ መጠን ከ1000 እጅ 835። ከሥሩ አላድ (ግማሽ ብር)፣ ሩብና ግርሽ የሚባሉት አሉ። እነዚህ ትንንሾቹ በእጅ ብዛት ፈጥነው ያልቃሉ። ዓመቱ የተጻፈው በግዕዝ ቁጥር ነው፦ ፲፰፻፹፯፣ ፲፰፻፹፱፣ ፲፰፻፺፭። መጨረሻዋ ቁጥር ከተፋቀች ፯ ትሁን ፱ መለየት አይቻልም፤ ዓመቱ ያልታወቀ ሳንቲም ደግሞ ሰብሳቢውን አይስበውም።

ሦስተኛው የንጉሡ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሳንቲም ነው። በ1923 ዓ.ም. የወጡት መቶኛ የሚባሉት የመዳብና የኒኬል ሳንቲሞች አሉ። ከዚያ 1936 ዓ.ም. የሚሉት የመዳብ ሳንቲሞችና የብሩ ሃምሳ ሳንቲም። እዚህ ላይ አንድ የምወዳት ታሪክ አለች። መጀመሪያ የወጣው ስሙኒ ድፍን ክብ ነበር። ብልጦች ብር እየቀቡት ሃምሳ ሳንቲም ነው እያሉ አሳለፉት። መንግሥት ነቃና ጠርዙን እንደ አበባ የተሸራረፈ አደረገው። እና ዛሬ ክቡን የ1936 ስሙኒ ብር መስሎ ካገኛችሁት አትደንግጡ፤ ያኔ የተቀባ ሊሆን ይችላል።

የ1969ኙ የአንበሳ ራስ ያለበት ሳንቲም ለትዝታ ይቀመጥ። ገንዘብ አያመጣም።

2. ወዝ ምን እንደሆነ እወቁ

ፈረንጅ ፓቲና ይለዋል። እኔ ወዝ እለዋለሁ፤ ዕድሜ ብረት ላይ የሚያሳድረው ቆዳ ነው።

ብር በራሱ አይዝግም። አየር ላይ ካለ ድኝ ጋር ሲገናኝ ላዩ ላይ ስስ ሽፋን ይሠራል። ድኙ ከምድጃ ጭስ፣ ከሱፍ፣ ከጎማ፣ ከእንቁላል ሊመጣ ይችላል። የገጠር ቤት ጭሱን አስቡት፤ የእማሆይ ብር መጥቆሩ ምን ይገርማል። ሽፋኑ ሲጀምር ወርቃማ ቢጫ ነው። ሲወፍር ወደ ቀይና ሐምራዊ፣ ከዚያ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። መጨረሻው ግራጫና ጥቁር ነው። ይህ ጉዞ አሥርት ዓመታት ይፈጃል።

ሰብሳቢ ለምን ይወደዋል? አንደኛ ሳንቲሙ እንዳልተነካ ይመሰክርለታል። ሁለተኛ ሽፋኑ የተሠራው ከራሱ ከብሩ ነው፤ ስታነሱት ከብሩ ቆዳ አብሮ ይነሳል። ሦስተኛ፣ ሲያምር በጣም ያምራል። ጠርዙ ላይ ሰማያዊ፣ መሐሉ ወርቃማ የሆነ ጠገራ ካያችሁ ትረዱኛላችሁ።

ሁሉም ጥቁረት ግን ዋጋ አይጨምርም። ይህን ደብቆ የሚያወራ ሻጭ ብዙ ነው። እኩል የተዳረሰ ግራጫ ወይም ቀለማም ወዝ ይጨምራል። ከሰል የመሰለ፣ የንግሥቲቱን ፊት የሸፈነ ወፍራም ጥቁረት ዝም ብሎ ይቀንሳል። እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ እዚህም እዚያም ያለ ነጥብ ደግሞ ይብስበታል። ያም ሆኖ ከታጠበ ሳንቲም ጥቁሩ ይሻላል።

መዳብ ሌላ ነው። ሲወጣ ቀይ ነው፤ ቡናማ ይሆናል። ቀይነቱን ያልለቀቀ የ1936 ሳንቲም ከቡናማው ይበልጣል፤ አንዴ ቡናማ ከሆነ ግን መመለሻ የለውም። ጠንከር ያለ፣ ለስላሳ ጥቁር አረንጓዴ ከመሬት ለወጣ መዳብ ጤና ነው። ፈዘዝ ያለ፣ እንደ ዱቄት የሚረግፍ አረንጓዴ ካያችሁ ግን በሽታ ነው። ጨው ከርጥበት ጋር ሆኖ መዳቡን ከውስጥ ይበላዋል። እንዲህ ያለውን ከሌሎቹ ለዩትና ደረቅ ቦታ አስቀምጡት።

3. በብርሃን አገላብጡት

የሚያስፈልገው አንድ አምፖል፣ ማጉያ መነጽርና ለስላሳ ጨርቅ ነው። ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ አንጥፉ፤ ቢወድቅ እንዳይጎዳ። ሳንቲሙን በሁለት ጣት ጠርዙን ብቻ ያዙ። የጣት ላብ ፊቱ ላይ አሻራ ያትማል፤ ከዓመታት በኋላ ያ አሻራ ጠቁሮ ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

አሁን ከአምፖሉ ሥር ቀስ ብላችሁ አዘንብሉት። ያልተገበያየበት ሳንቲም ላይ ብርሃኑ እንደ ጋሪ ጎማ ዘንግ ይዞራል። ይህ ሲመታ ብረቱ የፈሰሰባቸው ደቃቅ መስመሮች ሥራ ነው። ወዝ ቢለብስም ከሥር ይታያል። ካልዞረ፣ ሳንቲሙ ወይ ብዙ እጅ አልፏል ወይ ታጥቧል።

ቀጥሎ ከፍ ከፍ ያሉትን ቦታዎች እዩ። መፋቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ጠገራው ላይ ትከሻዋና ደረቷ፣ ከጆሮዋ በላይ ያለው ጸጉር፣ በጀርባው የንስሩ ደረት። የምኒልክ ላይ ጉንጩና ዘውዱ፣ በጀርባው የአንበሳው ጋማና ታፋ። ጸጉሯ ዘለላ ዘለላው ከተቆጠረ ጥሩ ነው። አንድ ላይ ሆኖ እንደ ሊጥ ከተለጠፈ ደረጃው ወርዷል።

ይህን ፈረንጅ አላስተማረንም። የድሮ ነጋዴ ጠገራ ሲቀበል በጣቱ እያሻሸ ትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ ፈርጦች ይቆጥር ነበር። ፈርጡ ካልታየ፣ ብሩ የፈለገውን ያህል ይመዝን፣ አልቀበልም ይላል። ሰብሳቢዎች ዛሬ ከ1 እስከ 70 ነጥብ ሲሰጡ የሚያደርጉት ያንኑ ነው። ከ60 ጀምሮ ያለው ያልተገበያየበት ይባላል። የታጠበ ወይም የተበሳ ሳንቲም ውጭ አገር ወደሚገኙት ደረጃ ሰጪ ድርጅቶች ቢላክ ብዙውን ጊዜ ነጥብ አይሰጠውም። «ታጥቧል» ተብሎ ይጻፍበትና ይመለሳል።

4. የታጠበውንና በሐሰት የጠቆረውን ያዙ

የእኔን ጠገራ ብታዩት ወዲያው ታውቁታላችሁ። ስታዘነብሉት ሜዳው (ምስልም ፊደልም የሌለበት ባዶው ቦታ) ላይ በአንድ አቅጣጫ የሚሄዱ የጸጉር ያህል ቀጫጭን ጭረቶች ይታያሉ። አመዱ ነው የጫራቸው። ፊደላቱ ሥር ጥቁረቱ ቀርቷል፤ ሜዳው ግን ነጭ ሆኖ ያበራል። ነጭነቱም ሕይወት የለውም፤ ብርሃኑ አይዞርም። አሲድ ውስጥ የተነከረ ደግሞ ጭረት ላይኖረው ይችላል። መልኩ ግን እንደ ታጠበ ድስት ድርቅ ያለ ነው።

ይህን ገዢ ስለሚያውቅ አንዳንዱ አጥቦ ሲያበቃ መልሶ ያጠቁረዋል። በእንቁላል አስኳል፣ በድኝ፣ በጭስ። እንዴት ይለያል? ጭረቶቹን እዩ። ቀለሙ ጭረቱ ውስጥም ገብቶ ከሆነ፣ ጭረቱ ቀለሙን ቀድሞታል ማለት ነው። ሌላው ሥርዓቱ ነው። የተፈጥሮ ወዝ ከቢጫ ወደ ሰማያዊ በቀስታ ይሸጋገራል። የውሸቱ ሐምራዊና ሰማያዊ በአንድ ጊዜ ዘሎ ይመጣል፤ እንደ ቤንዚን ጠብታ ዝብርቅርቅ ያለ ነው። በጣም ባለቀ ሳንቲም ላይ ደማቅ የቀስተ ደመና ቀለም ካያችሁ እኔ ብሆን ኪሴን እይዛለሁ።

5. ጉዳቱን መዝግቡ

አገራችን ውስጥ ዋናው ጉዳት ቀዳዳ ነው። ጠገራ ለአንገት ጌጥ ይበሳል፤ ወይም አንጥረኛ ማንጠልጠያ ይበይድበታል። ለሰብሳቢ ሁለቱም ከባድ ቅጣት ናቸው። ማንጠልጠያውን ለማስነቀል ግን አትሞክሩ። እሳቱ የቀረውን ቆዳ ያበላሸዋል፤ የብየዳው ጠባሳም አይጠፋም። ቀዳዳውን ማስደፈን ደግሞ ከማታለል ይቆጠራል። በእኔ ግምት ማንጠልጠያ ያለውን እንደ ጌጥ መሸጥ ያዋጣል። የድሮ ጌጥ የሚሰበስብ ሰው ያንን ማንጠልጠያ ነው የሚፈልገው።

ጠርዙንም ዙሩት። የጠገራ ጠርዝ ላይ በላቲን «ፍትሕና ርኅራኄ» የሚል የጎላ ጽሑፍ አለ። ጽሑፉ ካልተነበበ ወይ ተሞርዷል ወይ ሐሰተኛ ነው። ጠርዙ ላይ ጎድጎድ ያለ ምት ካለ፣ አያቶቻችን ድንጋይ ላይ እየጣሉ ድምፁን ሲፈትኑ የደረሰበት ሊሆን ይችላል። እናንተ አትጣሉት።

6. ሳትጎዱት ፈትኑት

ማግኔት ብር አይስብም፤ የሳበው ሁሉ ውጪ። ከዚያ መዝኑት። ያለቀ ጠገራ 27 ግራም ተኩል ቢመጣ አይገርምም። 24 ከመጣ ግን አንድ ነገር አለ።

የእኔ ተወዳጅ ፈተና የውሃው ነው። እስከ አንድ መቶኛ ግራም የሚያነብ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ላይ ውሃ የያዘ ብርጭቆ አስቀምጡና ዜሮ አድርጉት። ጠገራውን በቀጭን ክር አስራችሁ ውሃው ውስጥ ሙሉ በሙሉ አስጥሙት፤ የብርጭቆውን ታችም ጎንም እንዳይነካ። ክሩን በእጃችሁ ይዛችሁ ሚዛኑን አንብቡ። 28.07 ግራም የሚመዝን እውነተኛ ጠገራ 2.75 ገደማ ያሳያል። ክብደቱን ለዚህ ቁጥር ስታካፍሉት 10.2 አካባቢ መምጣት አለበት። የመዳብና የኒኬል ቅልቅል ከሆነ ንባቡ ከ3 በላይ ይወጣል፤ ሲካፈል 9 አካባቢ ነው። እማሆይ ይህን ሳደርግ አይተው «ጠበል እያስጠመቅኸው ነው?» አሉኝ።

7. ማድረግ የሚፈቀደው

ዋናው ደንብ ምንም አለማድረግ ነው። ሎሚ፣ አመድ፣ አሸዋ፣ እንዶድ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ኮምጣጤ፣ ኮካ ኮላ አይነኩትም። አሉሚኒየም ፎይልና ቤኪንግ ፓውደር የሚለውን ቪዲዮም እርሱት። በጨርቅ መወልወልም ማጠብ ነው።

አፈር ከያዘው ንጹሕ የተጣራ ውሃ ውስጥ አንድ ሁለት ቀን ዘፍዝፉት። ውሃውን እየቀየራችሁ አፈሩ ራሱ እስኪለቅ ጠብቁ። የባትሪ ውሃ ከገዛችሁ የተጣራ ውሃ መሆኑን አረጋግጡ፤ አሲድ ከሆነ ጉድ ነው።

ቅቤ፣ ዘይት ወይም የፕላስተር ሙጫ ካለበት ንጹሕ አሴቶን ይለቅቀዋል፤ ብሩንም ወዙንም አይነካም። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው አይሆንም፤ ሽቶና ዘይት ይጨምሩበታል። በብርጭቆ አድርጉት እንጂ በፕላስቲክ አይሁን። መስኮት ክፈቱ፤ ከሰልም ሻማም አጠገቡ አይኑር፣ ቦግ ነው የሚለው። ስታወጡት አትሹት። በለስላሳ ጨርቅ ነካ ነካ አድርጉትና ይድረቅ።

ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው ከሆነ ለባለሙያ ተዉት።

8. አቀማመጥ

ሙዳዩ ጥሩ ነበር። እማሆይ ብሮቹን በነጠላ ቁራጭ ጠቅልለው ነው ያኖሩት፤ ጥጥ ነው፣ ሱፍ አይደለም። እኛ ነን በጋዜጣ ጠቅልለን በላስቲክ የምናስረው። ጋዜጣም ላስቲክም ድኝ አላቸው፤ ላስቲኩ በብሩ መሐል ጥቁር መስመር ጥሎ ይሄዳል። ሽታ ያለው ለስላሳ ፕላስቲክ ኪስ ደግሞ ከጊዜ በኋላ የሚያጣብቅ አረንጓዴ ነገር ይተፋል። ጠንካራና ሽታ የሌለው ፕላስቲክ ይሻላል። ሳንቲም ከሳንቲም አይነካካ። ለክረምቱ ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘውን እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት አትጣሏት፤ አብራችሁ አስቀምጧት።

9. ስትሸጡ

የሁለቱንም ፊትና የጠርዙን ፎቶ አንሱ። ብርሃኑ ከጎን ይሁን፤ ፍላሽ ጭረቱንም ወዙንም ይደብቃል። ክብደቱን ጻፉ። ከየት እንደተገኘም ጻፉ። «ከእናቴ አክስት ሙዳይ፣ ደብረ ማርቆስ» የሚል አንድ መስመር ለሰብሳቢ ትልቅ ነገር ነው። የዕለቱን የአንድ ግራም ንጹሕ ብር ዋጋ በ23.4 አባዙና ወለላችሁን እወቁ። ከዚያ በታች የሚሰጣችሁ ሰው እየቀለደባችሁ ነው። ያለቀና የታጠበ ከሆነ ከወለሉ ብዙም አትጠብቁ። ጸጉሯ የሚቆጠር፣ ወዙ ያልተነካ ከሆነ ደግሞ በግራም ሂሳብ እንዳትስማሙ፤ ቢያንስ ለሁለት ሦስት ሰው አሳዩት።

ጎረቤት «ፈረንጅ አገር ላከው፣ እዚያ ነው ዋጋው» ይላችኋል። ረጋ በሉ። በ1992 የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ይከለክላል። ከመሬት የወጣ የጥንት ሳንቲም ካገኛችሁ የባህል መሥሪያ ቤቱን ጠይቁ። አንድ ማሰሮ ሙሉ ከተገኘ ደግሞ አትበትኑት፣ አትጠቡት። አብረው የተቀበሩ ሳንቲሞች የሚናገሩት ነገር አለ፤ ሲበተኑ ይጠፋል።

የእማሆይ ሁለቱ ጥቁሮች አሁንም ሙዳያቸው ውስጥ ናቸው። በሄድሁ ቁጥር «እነዚህንስ አታጥብልኝም?» ይሉኛል፤ ሳቃቸው አያልቅም። የእኔዋን መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ አስቀምጫታለሁ። ባለፈው በመስኮቱ ብርሃን ሳዘነብላት ከጠርዟ፣ ከ1780ው አጠገብ፣ ስስ ቢጫ ጀምሯታል። ጥቁር እስክትሆን እኔ አልደርስም።